እርቅ ከመቀመጡ በፊት፦ በቤቷ የተደበደበች ሴት ለሕግ አካል የምታቀርበው አቤቱታና የኢማሙ ድርሻ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስ ዙሪያ በነበሩትና ባሉት ሰፈሮች፣ ባሏ እጁን ያነሣባት ሙስሊም ሴት ከቤቷ ስትወጣ መጀመሪያ የምታንኳኳው የፖሊስ ጣቢያን በር አይደለም። ጎረቤቷ ዘንድ ትገባለች፤ እናት ወይም ታላቅ እኅት ካላት ወደዚያ ትሄዳለች፤ ነገሩ ሲደጋገምባት ደግሞ ከዐስር ሰላት በኋላ የመስጂዱን ኢማም ወይም ልጆቿን ቁርኣን የሚያስቀሩትን ኡስታዝ ታናግራለች። ስለዚህ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች የሆኑት መምህራንና ኢማሞች ነገሩን ከመርማሪው ቀድመው የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። በዚያች ሰዓት የሚሰጡት መልስም ብዙውን ጊዜ የሚቀጥለውን መንገድ ይወስነዋል።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነና ትዳር ከያዙ ወይም ይዘው ከነበሩ ሴቶች መካከል 34 በመቶው ከባሎቻቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ውስጥ እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 66 በመቶዎቹ እርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንም ሰው አልተናገሩም። የጠየቁትም ቢሆኑ በብዛት የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰብ ነው። ይኸው ዳሰሳ ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት መምታት ይገባዋል ብለው የሚቀበሉ ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 28 በመቶ መሆናቸውን መዝግቧል። በደሉ የሚደርስባት ወገን ከሚያደርሰው ይልቅ ለበደሉ ምክንያት ማግኘቷ እጅግ ያሳስበናል። እምነቱ በአገሩ ሁሉ የተዘረጋ እንጂ የሙስሊሙ ብቻ አይደለም። ሆኖም በእኛ ዘንድ የዲን ልብስ ለብሶ ስለሚቀርብ፣ ያንን ልብስ የማውለቁ ሥራ የእኛው ነው።

ወደ ኢማሙ የመጣችው ሴት ከሦስት መልሶች አንዱን ታገኛለች፤ «ሶብር አድርጊ»፣ «የቤትሽን ገመና አታውጪ»፣ «ሽማግሌ እንላክበት»። ሦስቱም በየቦታቸው መልካም ቃላት ናቸው። ሶብር ዒባዳ ነው፤ ገመናን መሸፈን የሙእሚን ጠባይ ነው፤ ሱልሕም በቁርኣን የተወደሰ ነው። ጥያቄያችን ፉቀሃዎች እነዚህን ቃላት በየትኛው ቦታ አስቀመጧቸው የሚል ነው። በኪታቦቻቸው ያለው ቅደም ተከተል በሰፈራችን ከለመድነው የተገለበጠ ነውና።

ለአቤቱታ የሚወጣ እግር

ሱረቱል ሙጃደላ ስሟን ያገኘችው ስለ ባሏ ጉዳይ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ከተከራከረች ሴት ነው። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ (ረ.ዐ.) ባሏ አውስ ኢብኑ-ስ-ሷሚት ዚሃር ባደረገባት ጊዜ ነገሩን በቤቷ አፍና አልተቀመጠችም፤ ወደ ነቢዩ ወስዳ አቤት አለች፤ አቤቱታዋም ተሰምቶ እስከ ዕለተ ቂያማ የሚቀራ ቁርኣን ወረደበት። የእርሷ ጉዳይ ድብደባ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሚስት የባሏን በደል ለሥልጣን ባለቤት ማቅረቧ በራሱ ነውር አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ ማምጣት ያስቸግራል። ሂንድ ቢንት ዑትባም (ረ.ዐ.) ስለ አቡ ሱፍያን ስስት ስትናገር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐሜት ነው ብለው አላቋረጧትም፤ ለእርሷና ለልጆቿ በአግባቡ የሚበቃውን ከንብረቱ እንድትወስድ ፈቀዱላት እንጂ።

ኢማም አን-ነወዊይ በሪያዱ-ስ-ሷሊሒን ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ በመጀመሪያ ያስቀመጡት ይህንኑ ነው፤ የተበደለ ሰው በደሉን ለሱልጣን፣ ለቃዲ ወይም መብቱን ለማስመለስ ሥልጣን ወይም ችሎታ ላለው ሰው ማመልከቱን። የሱረቱ-ን-ኒሳእ 148ኛ አንቀጽም ክፉን ነገር በይፋ ማውራትን ሲያወግዝ የተበደለውን ለይቶ ያወጣዋል። ገመናን መሸፈንን በሚመለከት ደግሞ እኚሁ ኢማም በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ያደረጉት ልዩነት ለእያንዳንዱ ኢማም ጠቃሚ ነው። የሚወደደው ሽፋን ሰውን በመጉዳትና በጥፋት ላልታወቀ ሰው፣ ያውም አልፎ ላበቃ ኃጢአት ነው። በመፈጸም ላይ ያለን ጥፋት ያየ ሰው ግን በተቻለው መጠን ማስቆም፣ ካልቻለም ጉዳዩን ለሥልጣን ባለቤት ማድረስ ይጠበቅበታል። በየወሩ የሚደገም ድብደባ አልፎ ያበቃ ኃጢአት አይደለም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣው ሌላው ክርክር ያለ ባል ፈቃድ ከቤት መውጣት ኑሹዝ ነው፣ ኑሹዝም ነፈቃን ያስቀራል የሚለው ነው። የሻፊዒይ መዝሀብ ሹሩሖች፣ ሙግኒል ሙሕታጅን የመሰሉት፣ ይህንን ሲጽፉ የተለዩ ሁኔታዎችን አብረው ጽፈዋል። ቤቱ ሊፈርስባት ሲል የወጣች ሴት ናሺዛ አትባልም፤ ከባሏ ላይ ያላትን መብት ለመጠየቅ ወደ ቃዲ የወጣችም እንዲሁ። መድረሳዎቻችን ውስጥ የመጀመሪያው ግማሽ ሲቀራ ሁለተኛው ግማሽ የሚዘለልበት ምክንያት አይገባንም። ገጹ አንድ ነው።

የሚንሃጁ ቅደም ተከተል

በወሎ ሐሪማዎችም ሆነ በሐረር የሻፊዒይን ፊቅህ የቀራ ደረሳ የአን-ነወዊይን ሚንሃጅ ያውቃል። ስለ ኑሹዝ በሚናገረው ክፍል ውስጥ በጥቂት መስመሮች የተቀመጠ አንድ መሰላል አለ። ባል የሚስቱን መብት ከከለከለ ቃዲው እንዲሰጣት ያስገድደዋል። ጠባዩ ከፍቶ ያለ ምክንያት ካሠቃያት ቃዲው ይከለክለዋል። ከተመለሰበት ተዕዚር ያደርገዋል፤ ይኸውም ቃዲው እንደ ነገሩ ክብደት የሚወስነው ቅጣት ነው። ሁለቱም «በዳዩ እሱ ነው፣ እሷ ናት» ከተባባሉ ቃዲው ሁኔታቸውን በሚያውቅ ታማኝ ሰው አማካይነት አጣርቶ በዳዩን ይከለክላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጠቡ ከበረታ ያን ጊዜ ከእርሱና ከእርሷ ቤተሰብ ዳኞች ይላካሉ።

አንባቢያችን ቅደም ተከተሉን አንድ ጊዜ ደግሞ ቢያየው መልካም ነው። በሱረቱ-ን-ኒሳእ 35ኛ አንቀጽ የታዘዙት ሁለቱ ሽማግሌዎች በመሰላሉ ጫፍ ላይ ናቸው። ከእነርሱ በፊት መከልከል አለ፣ መቅጣት አለ፣ ማጣራት አለ። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ማዘዝ የሚችል እጅ ይፈልጋሉ። በሰፈራችን የሚሠራበት ግን ከላይኛው እርከን ጀምሮ እዚያው ማብቃት ነው። ሁለት አባቶች ይላካሉ፤ ባል አንገቱን ደፍቶ «አይደገምም» ይላል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ሴቲቱ ነጠላዋን አንሥታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከሽማግሌዎቹ መካከል በማግስቱ ሌሊት እጅ ቢነሣ ሊያስቆም የሚችል አንድም ሰው የለም። ተጠያቂነት ስላልተበጀለት «አይደገምም» የሚለው ቃል ዋጋው በተናጋሪው ፍላጎት ላይ ብቻ ይቀራል።

ፉቀሃዎቹ ለምን እንዲህ ደረደሩት? እኛ የተረዳነው፣ ሱልሕ ስምምነት በመሆኑ ነው። ስምምነት ደግሞ «አይሆንም» ማለት የሚችሉ ሁለት ሰዎችን ይፈልጋል። የምትፈራ ሴት እሺታዋ እሺታ አይደለም፤ በግዳጅ የተገኘ ፈቃድ በሽያጭ ውስጥ እንኳ ውሉን የሚያፈርስ ሆኖ ሳለ በትዳር ውስጥ እንዴት ይጸናል? ከዚህም ሌላ የ35ኛው አንቀጽ ርእስ ሺቃቅ ነው፤ በሁለቱ መካከል የገባ መከፋፈል። መንጋጋዋ የተሰበረች ሴትና የሰበረው ሰው በመካከላቸው ያለው ሺቃቅ ሳይሆን ዙልም ነው። በዳይን ስለመርዳት የታወቀው ሐዲስ የሚያስተምረንም በዳይን የምንረዳው ከበደሉ በመከልከል መሆኑን ነው። ስለዚህ ፖሊስ ጠርቶ እጁን ያስያዘለት ኢማም ለባልየውም ውለታ ውሎለታል።

ይህ የአንድ መዝሀብ ብቻ አቋም አይደለም። በማሊኪዮች ዘንድ፣ በኸሊል ሙኽተሰር እንደሰፈረው፣ ሚስት ግልጽ በሆነ ዶረር መፋታትን ትጠይቃለች፤ ዶረሩ መደጋገሙ ባይመሰከርም እንኳ። የሐቢባ ቢንት ሰህልም (ረ.ዐ.) ታሪክ ለሁሉም መዝሀቦች የጋራ ነው። በሱነን አቢ ዳውድ እንደተዘገበው ባሏ ሣቢት ኢብኑ ቀይስ መትቷት አካሏን ሰበረ፤ ከሱብሒ በኋላ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣች። ታገሺ ብለው አልመለሷትም፤ ባልየውን አስጠሩት፤ የሰጣትን የአትክልት ቦታ መልሶ ወስዶ ተለያዩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። በአንዳንድ ሽምግልናዎች የተደበደበችው ሴት መህሯን ትታ፣ አንዳንዴም ተጨማሪ ገንዘብ ከፍላ በኹልዕ እንድትወጣ ይደረጋል፤ ማስረጃውም ይኸው ታሪክ ነው ይባላል። ኢማም ማሊክ በሙወጦእ ባልየው እንደጎዳትና እንደበደላት ከታወቀ ፍቺው ይጸናል፣ ገንዘቧም ይመለስላታል ብለዋል። ደብዳቢን በድብደባው የሚያተርፍ ነጋዴ ማድረግ ከፊቅህ አይደለም።

ስለ ማስረጃም ቢሆን አርዓያ አለን። በሶሒሕ አል-ቡኻሪይ በተዘገበ አንድ ታሪክ ውስጥ፣ ከሪፋዓ ተፋትታ ሌላ ባል ያገባች ሴት ወደ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) መጥታ በቆዳዋ ላይ የበለዘውን አሳየቻት፤ ዓኢሻም ምእመናት የሚደርስባቸውን በማየት ተቆጭታ፣ የቆዳዋ ብልዘት ከለበሰችው አረንጓዴ ልብስ የባሰ መሆኑን ለነቢዩ ተናገረች። የሐዲሡ ቀሪ ክፍል ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል። ለእኛ የሚጠቅመን ግን አንዲት ሴት ቁስሏን ለታመነች ሴት ማሳየቷና ያየችውም ዝም አለማለቷ ነው።

ከሚንበር የሚነገር አንድ ሐዲስ

በኒካሕ ንግግሮችና በአንዳንድ ደርሶች የሚጠቀስ፣ ባል ሚስቱን ለምን እንደመታ አይጠየቅም የሚል መልእክት ያለው ዘገባ አለ። በአቡ ዳውድና በኢብኑ ማጃህ ስለተመዘገበ ብቻ ጸንቶ የቆመ የሚመስለው ብዙ ነው። ሰነዱ በዐብዱረሕማን አል-ሙስሊይ በኩል ያልፋል፤ እርሱም ማንነቱ የማይታወቅ ተራኪ ነው። በዚህ ምክንያት የሐዲስ ምሁራን ዶዒፍ ብለውታል፤ ከዘመናችን ሰዎችም ሸኽ አል-አልባኒ ከእነዚሁ ውስጥ ናቸው። ዶዒፍ ሐዲስን በትሩፋት ሥራዎች ላይ መጥቀስን የሚፈቅዱ ዑለማእ እንኳ በሰው አካል ላይ መብት ለማቆም አይጠቀሙበትም።

በተቃራኒው ኢያስ ኢብኑ ዐብዲላህ ያስተላለፈውና አቡ ዳውድ የዘገበው ሐዲስ ከሚንበር እምብዛም አይሰማም። ብዙ ሴቶች ስለ ባሎቻቸው ድብደባ አቤት እያሉ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤተሰቦች ሲመላለሱ፣ ነቢዩ ሴቶቹን አልገሠጹም፤ እንዲያ የሚያደርጉት ወንዶች ከመካከላችሁ ምርጦቹ አይደሉም ሲሉ ለሕዝቡ አሳወቁ እንጂ። ፋጢማ ቢንት ቀይስም (ረ.ዐ.) ስለ አጯት ሰዎች ባማከረቻቸው ጊዜ አቡ ጀህም በትሩን ከትከሻው የማያወርድ መሆኑን በግልጽ ነግረዋታል። አንዱ ሪዋያ ሴቶችን የሚመታ መሆኑን ያብራራል። የኒካሕ ምክር የሚጠየቅ ኢማም ይህን ማወቅ አለበት።

የሱረቱ-ን-ኒሳእ 34ኛ አንቀጽስ? በዚህ ጽሑፍ ስፋት ተፍሲሩን ሁሉ ማምጣት አንችልም፤ ለጉዳያችን የሚያስፈልገውን ብቻ እንበል። ፉቀሃዎች የማያቆስል፣ ምልክት የማይተው፣ ፊትን የማይነካ ብለው ወስነውታል፤ ከዚህ ያለፈው ጉዳት ተጠያቂነት እንዳለበት ተናግረዋል። ከታቢዒዮች የመካው ፈቂህ ዐጧእ ኢብኑ አቢ ረባሕ ባል ይቆጣታል እንጂ አይመታትም ብለዋል፤ የማሊኪዩ ኢብኑል ዐረቢይ ይህን በአሕካሙል ቁርኣን ጠቅሰው የዐጧእን ጥልቅ ማስተዋል አድንቀዋል። ቱኒዚያዊው ሙሐመድ አጥ-ጧሂር ኢብኑ ዓሹር ደግሞ በተፍሲራቸው አንድ እርምጃ ቀጥለዋል። ባሎች ወሰኑን የማይጠብቁ መሆናቸውን የሥልጣን ባለቤቶች ካወቁ፣ እጃቸውን መያዝና ሚስቱን የሚመታ እንደሚቀጣ ማወጅ ይችላሉ። የአገር ሕግ ድብደባን ወንጀል ሲያደርግ ከቁርኣን ጋር ይጋጫል የሚል ደረሳ ይህንን ገጽ እንዲያነብ እንመክራለን።

ቃዲው ማን ነው?

ሚንሃጁ «ቃዲው ይከለክለዋል፣ ተዕዚር ያደርገዋል» ሲል፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ያ ሥልጣን ያለው ማን ነው? በርካታ ኢማሞች ሴቲቱን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይልኳታል። መላኩ ስሕተት አይደለም፤ ግን በቂ አይደለም። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩ ሲሆኑ ሥልጣናቸው ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጆች ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ስጦታ፣ ኑዛዜና ውርስ ነው፤ ይህም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት በተከራካሪዎች ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። በሸሪዓ ፍርድ ቤት ያሉት ቃዲ ሊያፋቱ፣ ነፈቃ ሊወስኑ ይችላሉ፤ ደብዳቢን ሊያስሩ ግን አይችሉም። ባልየው በዚያ ለመዳኘት ካልፈቀደም ፋይሉ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። የመከልከልና የመቅጣት ሥልጣን በአገራችን የፖሊስ፣ የዐቃቤ ሕግና የወንጀል ችሎት ነው።

ከዚህ ላይ «ወደ ሙስሊም ላልሆነ ዳኛ መሄድ» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። በወሰን የተጻፈውን ፊቅህ ሳናቃልል፣ ከዱላ ለመዳን ኃይል ያለውን መጥራት የሃይማኖት ፍርድን መለወጥ አይደለም እንላለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሓባዎችን ወደ ሐበሻ ሲልኩ ምክንያታቸው በዚያ ንጉሥ ዘንድ ማንም የማይበደል መሆኑ ነበር፤ ንጉሡ በዚያን ጊዜ ክርስቲያን ነበር። ከነቢይነታቸው በፊት የተገኙበትን፣ የተበደለን ለመርዳት የተገባውን የፉዱል ቃል ኪዳን ደግሞ በኢስላም ዘመንም ቢጠሩበት እንደሚቀበሉት ተናግረዋል። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከዘመዶቻቸው ዱላ የተጠለሉባት አገር ልጆች ሆነን፣ የአንዲትን እኅት መጠለል ብንጠራጠር ያሳፍራል።

ከቤት እስከ መዝገብ

ኢማሞች ሕግ አዋቂ እንዲሆኑ አንጠብቅም። የሚከተለውን ያህል ማወቅ ግን ይጠቅማል።

በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ወጥቶ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን በስም ጠቅሶ፣ ስለ አካል ጉዳት የተደነገጉት አንቀጾች እንደሚፈጸሙበት ይደነግጋል። የአካልንም የአእምሮንም ጤና ይጨምራል። ከባድ የአካል ጉዳት በአንቀጽ 555 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ወይም ከ1 ዓመት በማያንስ ቀላል እሥራት ያስቀጣል። ቀላል የአካል ጉዳት በአንቀጽ 556 ሥር ሲሆን በመሠረቱ ተበዳይ አቤቱታ ስታቀርብ የሚያስቀጣ ነው፤ በመሣሪያ ከተፈጸመ ወይም ራሷን መከላከል በማትችል ሴት ላይ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። በትዳር ጥቃት ላይ ብቻ የሚያተኩር ራሱን የቻለ ሕግ የለንም፤ ያለን ይህ ነው።

ይህ ልዩነት ለሽምግልና ትልቅ ትርጉም አለው። በአቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣው ወንጀል በተበዳይዋ እጅ ነው፤ ስትተወው ይቆማል፣ እርቅም ቦታ አለው። ለአቤቱታው የተሰጠው ጊዜ ግን ሦስት ወር ብቻ ነው። «ለረመዷን እንያቸው፣ ለዒድ እናስታርቃቸው» ተብሎ የሚጎተት ሽምግልና ጊዜውን በልቶ ሴቲቱን መብት አልባ ሊያደርጋት ይችላል። የተሰበረ አጥንት ወይም የጠፋ ዓይን ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ የመንግሥት ነው፤ ሽማግሌ ሊያስቆመው ሥልጣን የለውም፤ «ክስሽን አንሺ» ብሎ መጫንም በደል ላይ መተባበር ነው።

አቤቱታው ጉዳቱ በደረሰበት ወረዳ ለሚገኘው ፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ይቀርባል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ያሰፈረው መርሕ ቃሉ በጽሑፍ ሰፍሮ ለአቤቱታ አቅራቢዋ እንዲነበብላትና እንድትፈርምበት ነው። ማንበብ የማትችል እኅት ይህንን አስቀድማ ካወቀች «ይነበብልኝ» ትላለች፤ ያላለችው ተጽፎ ከሆነም ታርማለች። ወንጀል መፈጸሙን የሚያውቅ ማንኛውም ሰው፣ በዓይኑ ባያይም እንኳ፣ ማመልከት እንደሚችል በዚሁ ሕግ ሰፍሯል፤ ስለዚህ ጎረቤትም ኢማምም ይችላሉ። ድብደባው በመፈጸም ላይ ከሆነ የአዲስ አበባ ሰው 991 ይደውላል።

ሕክምና ከሁሉ ይቅደም። ቁስል ይሽራል፣ ብልዘት ይጠፋል፤ በዕለቱ የታየ ሐኪም የሚጽፈው ማስረጃ ግን በመዝገቡ ይኖራል። የቂርቆስ ሰዎች ከሌሎች የተሻለ ቅርበት ያላቸው ለጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። በዚያ ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ፣ ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሐኪሙን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ግቢ ያገናኛል። ሴቲቱ አንዱን ታሪክ በአራት ቢሮ አራት ጊዜ እንዳታወራ የታሰበ ነው። ወደ ቤት መመለስ ለማትችል ሴት እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ መጠለያዎች አሉ። ለሕግ ምክር ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለረጅም ዓመታት ነፃ አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል።

ኢማሙ በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ትንሽ ነው፣ ግን ማንም አይተካውም። ሴቲቱ ስትመጣ «ምን አድርገሽው ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይተዋል። ባልየውን ወዲያው ጠርቶ እርሷ ፊት አያናግረውም፤ ያ ንግግር ማታ ቤት ውስጥ የሚከፈልበት ዕዳ ነውና። የመጣችበትን ቀንና የተናገረችውን በማስታወሻው ይጽፋል፤ በሌላ ሰው ጆሮ አያደርስም። የምታምናት ሴት አብራት ወደ ሐኪም እንድትሄድ ያደርጋል። በኋላ ለምስክርነት ቢጠራ ይቀርባል፤ ምስክርነትን መደበቅ በሱረቱል በቀራ መጨረሻ ገጾች የልብ ኃጢአት ተብሎ ተጠርቷልና። የዘካ ገንዘብ በእጁ ካለ ደግሞ፣ ባሏ ሀብታም ቢሆንም ነፈቃው እጇ ላልገባ ሴት መስጠት እንደሚቻል ያስታውስ። ብዙዎቹን ወደ ዱላው የሚመልሳቸው ፍቅር ወይም ፍራቻ ብቻ ሳይሆን የልጆች ምሳ ነው።

ካዛንቺስ ከተነሣች በኋላ

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ነው። ከዚያ ወዲህ ባለፉት አሠርት ዓመታት ግድግዳ የሚጋሩ የቀበሌ ቤቶች የተጠጋጉባት ሰፈር ሆና ኖረች። በእንዲህ ያለ ሰፈር ሚስጥር የለም። አንድ ቤት ውስጥ የተጮኸው ሦስት ቤት ይሰማል፤ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል፤ የዕድር ሰው ያንኳኳል። ሚንሃጁ ቃዲው ሁኔታቸውን የሚያጣራበት «ታማኝ ሰው» ያለው እርሱን ነው፤ ኑሯቸውን በቅርብ የሚያውቀውን ጎረቤት።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከካዛንቺስ ብዙ ነዋሪዎች ሲነሡ፣ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዱ። ስለ ቤቱ ጥራትና ስለ መንገዱ ርቀት ብዙ ተብሏል፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን ሲነገር አልሰማንም። ባልና ሚስት አብረው ሄዱ፤ የሰማው ጎረቤት ሌላ ሕንፃ ደረሰው፤ የምታውቃት የዕድር እናት ሌላ ክፍለ ከተማ ናት፤ ኢማሙም ሌላ ጀመዓ ነው የሚያሰግደው። ወፍራም ግድግዳና የሚቆለፍ በር ለብዙዎች እፎይታ ሲሆን፣ ለተደበደበችው ሴት ጩኸቷ የማይሰማበት ቤት ነው። በፊት በካዛንቺስ የተፈጸመው ድብደባ ምስክሮችም አሁን በየአቅጣጫው ተበትነዋል።

ስለዚህ በቂርቆስ ሲያገለግሉ ለቆዩ ኢማሞችና በአዲሶቹ ሰፈሮች ጀመዓ ለሚያቋቁሙ ወንድሞች የምናቀርበው ሐሳብ ሥራ ላይ ያተኮረ ነው። ስማቸውን ሳይገልጡ ጉዳያቸውን ቀድመው ያወቋቸው እኅቶች ካሉ፣ አሁን የት እንደሚኖሩና በአዲሱ ወረዳ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያየው የፖሊስ ክፍል የት እንዳለ በሴት መልእክተኛ ያሳውቋቸው። የድሮ ጎረቤቶቻቸውን ስልክ የሚያውቅ ሰው ሳይጠፋ በፊት ይያዝ። በአዲሱ መስጂድ የሴቶች መስገጃ በኩል ሚስጥር ጠባቂ መሆኗ የታወቀ አንዲት ሴት ትመደብ፤ ስሟም በኹጥባ ሳይሆን ከሴት ወደ ሴት ይተላለፍ። የአዲሱ ሕንፃ ነዋሪዎችም በየፎቁ ማን ከማን ግድግዳ እንደሚጋራ ይወቁ፤ የሚንሃጁ ታማኝ ሰው ከእነርሱ መካከል ነውና።